«ሽሮሽ ገነፈለ» ብሎ የጀመረው ሰው

እህቴ ሴቶች ኳስ ለማየት ስታዲየም ሲገቡ የሚወረወርባቸውን ቃል ፊልም ስትቀርጽ፣ ድምፅ የምቀዳላት እኔ ነበርኩ። ካሜራው የእሷ ነው፤ መቅጃውና ጆሮ ላይ የሚደረገው ማዳመጫ የእኔ። ሥራው ቀላል ነው ብላኝ ነበር። «ቀዩ መብራት መብራቱን እያየህ ዝም በል» ነው ያለችኝ። ዝም ማለቱን ቻልኩበት። ከሚገባው በላይ ቻልኩበት።

እህቴ አሁን የለችም። እኔ ደግሞ መጻፍ አልለመድኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ ከስልክ መልእክት የረዘመ ነገር ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ እሰናከል ይሆናል። ዋናውን ነገር ግን አሁኑኑ ላስቀምጠው፤ ካላስቀመጥኩት ዙሪያውን ስዞር ቆይቼ ሳልጽፈው እንደምቀር ራሴን አውቃለሁ።

«ሽሮሽ ገነፈለ» የሚለውን ቃል አዳማ ስታዲየም ውስጥ መጀመሪያ የጮህኩት እኔ ነኝ። የጮህኩትም በእህቴ ላይ ነው።

እሷን ኳስ ያስወደዳት አባታችን ነው። አባታችን ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚጭን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከመንገድ ሲመለስ ሌላው ሹፌር ይተኛል፤ እሱ እሷን ትከሻው ላይ አድርጎ ስታዲየም ይሄድ ነበር። በሰባት ዓመቷ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ የበቆሎ ፍሬ መሬት ላይ ደርድራ ለጎረቤት ልጆች ታስረዳ ነበር ይላል። እኔ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከበቆሎው አንዱን አንስቼ ስለበላሁት ተከላካይ አጎድለሃል ብላ መታችኝ አሉ።

ካደገች በኋላ ነገሩ ተለወጠ። አባታችን መንገድ ላይ መዋል አበዛ። እናታችን ደግሞ «ሴት ልጅ ብቻዋን በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል ምን ትሠራለች?» ማለት ጀመረች። በመጨረሻ ሁለቱ የተስማሙበት ነገር «ወንድምሽ ካለ ሂጂ» የሚል ሆነ። አስቡት፤ እሷ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጹ ሰዎች ጋ ተቀጥራ ትሠራለች። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጫማዬን እንኳ የገዛችልኝ እሷ ናት። ስታዲየም ለመግባት ግን የእኔ ፈቃድ ያስፈልጋታል። እኔ ካኮረፍኩ ትቀራለች። እንዳላኮርፍ በየሳምንቱ ትለማመጠኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን የሚያሳፍረኝ ሌላ ነበር። ጓደኞቼ ከእህቴ ጋር ስገባ እንዳያዩኝ እፈራ ነበር።

ስለዚህ በር ላይ እንለያያለን። እሷ ታች፣ ደረጃው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሁለት ሦስት ሴቶች የሚቀመጡበት ቦታ ነው። እኔ ላይ፣ ከበሮው ጋ እሄዳለሁ። ሲያልቅ የለውዝ ሻጮቹ ጋ እንገናኛለን። ቤት ስንገባ አብረን የተቀመጥን እናስመስላለን።

ያን ቀን የእኛ ቡድን አንድ ለዜሮ እየተመራ ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የእኛ አጥቂ አገባ። ሁላችንም ዘለልን፤ ከበሮው ተመታ። ከዚያ መስመር ዳኛው ባንዲራውን አንስቶ እንደቆመ አየን። ጎሉ ተሻረ። ስታዲየሙ «ሌባ! ሌባ!» ማለት ጀመረ። ውሃ ያለበት ላስቲክ ሁሉ ተወረወረ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ከታች አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ። አወቅኩት።

«ኦፍሳይድ ነው እኮ! ልጁ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ነበር! መስመር ዳኛው ልክ ነው!»

እህቴ ቆማ ወደ ሰዉ ዞራለች። በእጇ ልክ እንደ በቆሎው ጊዜ ተከላካዩ የት እንደነበረ፣ አጥቂው የት እንደነበረ ታሳያለች። የራሷን ቡድን ማልያ ለብሳ ነው እንዲህ የምትለው። እሷ እንዲህ ነበረች። ልክ ያልሆነ ነገር ለምትወደው ቡድን ቢጠቅምም ማለፍ አትችልም።

«ኧረ ባክሽ!» አለ አንዱ ከፊቴ። «መስመር ዳኛው ባልሽ ነው እንዴ?»

«ተዋት፣ እጮኛዋ ነው!» አለ ሌላው። ሳቅ ሆነ። ሰዉ ዳኛውን ትቶ ወደ እሷ ዞረ።

አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ በክርኑ ጎሸመኝ። «አቦ፣ ይቺ እህትህ አይደለችም እንዴ?»

«የምን እህት! የሰፈራችን ልጅ ናት።»

«ኧረ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው።»

ከፊታችን ያሉት ዞር ብለው አዩኝ። አንዱ የእኔን ፊት አየ፣ የእሷን አየ፣ መልሶ የእኔን አየ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ሙሉ ድምፄን አውጥቼ ጮህኩ።

«እትዬ! ቤትሽ ግቢ፣ ሽሮሽ ገነፈለ!»

ጮኼ ወዲያው ጎንበስ አልኩ። እንዳታየኝ።

የደጋፊው አስጨፋሪ ከእኔ ሦስት ሰው አልፎ ነበር የቆመው። ቃሉን አፉ ውስጥ እንደ ከረሜላ አዟዟረው። ከዚያ እጁን አነሳና «ሽሮሽ!» አለ። ሰዉ «ገነፈለ!» ብሎ መለሰ። ከበሮው በመሐል ገባ። «ሽሮሽ!» ድም። «ገነፈለ!» ድም ድም። ሺህ ሰው ይሁን ሁለት ሺህ አላውቅም። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ቀና ስል እህቴ ተቀምጣለች። ወደ ኋላ አልዞረችም። ጨዋታው እስኪያልቅ ፊቷን ወደ ሜዳው አድርጋ ቆየች።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። ብዙ ከተጓዝን በኋላ «ጎሉ ግን ኦፍሳይድ ነበር» አለች።

«አዎ» አልኩ።

«ማን እንደጀመረው አየህ?»

«አላየሁም። ከበሮው ጋ አልነበርኩም፤ ሽንት ቤት ሄጄ ነበር።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ቤት ገብተን እናታችን «እንዴት ነበር?» ስትል «ጥሩ ነበር፣ አብረን ነበርን» አለች እህቴ። የእኔን ውሸት እሷ ተናገረችልኝ።

ሰው አንድ ቃል ሲጥል የት እንደሚደርስ አያውቅም። በሚቀጥለው ጨዋታ ገና በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ሲሰለፉ «ሽሮሽ!» አለ አንዱ። መልስ የሚሰጠው አላጣም። ከዚያ ቃሉን ስታዲየሙ ጠበበው። ሞጆ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሰማሁት። ቢሾፍቱ ሰማሁት። አንድ ቀን ወደ ሶደሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ መልስ የጠየቀችውን ሴት «እትዬ፣ ሽሮሽ ገነፈለ እንዴ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ካልሳቅኩ የሚያውቁብኝ ይመስለኝ ነበር።

እህቴ በራሷ ስታዲየም መሄድ አላቆመችም። እኔ ነኝ ያቆምኩት። ትምህርት በዛብኝ፣ ራሴን አመመኝ እያልኩ። እኔ ከሌለሁ ደግሞ አትሄድም። ስለዚህ ቃሉ አላስቀራትም፤ ያስቀራት የቃሉ ባለቤት ነው። አባታችን አንድ ወቅት ጉልበቱን አሞት ቤት እስኪውልና አብሯት መሄድ እስኪጀምር ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ኳስ በሬዲዮ ስትሰማ ከረመች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ስቀመጥ እሷ ናት ወደ ሥራዋ የወሰደችኝ። በሠርግ ላይ ድምፅ መቅዳት አስተማረችኝ። በኋላ ከአንዲት የሥራ ጓደኛዋ ጋር ሆነው ሐሳቡን አመጡት። ጓደኛዋ የተቀረጸውን የምታቀናብር ልጅ ናት። ስታዲየም የሚገቡ ሴቶች የደረሰባቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ፣ አጭር አጭር አድርጎ በየስልኩ እንዲታይ መልቀቅ ነው ሐሳቡ። ምሳ እየበላን ነበር የነገረችኝ።

«ስሙን አገኘሁት» አለች። «ዘመቻው ‹ሽሮዬ አልገነፈለም› ይባላል። እንዴት ነው?»

ውሃ ጠጣሁ። በዚያች ደቂቃ ብነግራት ኖሮ ምን ትል ነበር? ትስቅ ነበር ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ። በማንኪያው ራሴን መትታኝ ከዚያ «በቃ የመጀመሪያው ተናጋሪ አንተ ነህ» ትለኝ ነበር። እንደዚያ የምትል ሰው ነበረች።

«አሪፍ ነው» አልኩ።

ቀረጻውን ባዶ ስታዲየም ውስጥ ጀመርን። እያንዳንዷ ሴት ቃሉ ሲነገራት ተቀምጣበት የነበረው ቦታ ላይ ትቀመጣለች። ሌላ ሰው የለም፤ ሲሚንቶው ደረጃ፣ ነፋሱ፣ እሷ ብቻ። የመጀመሪያዋ ሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ ወረቀት የምትጨርስ ትራንዚተር ነበረች። ኮፍያና የወንድሟን ትልቅ ጃኬት ለብሳ ወንድ መስላ እንደምትገባ ነገረችን።

«ሁለት ዓመት ማንም አላወቀብኝም» አለች። «አንድ ቀን ጎል ገባና ጮህኩ። ድምፄ አሳጣኝ። ከዚያ ወዲህ ጎል ሲገባ አፌን በእጄ ይዤ ነው የምዘለው።»

እህቴ ከካሜራው ኋላ ሆና በጣም ሳቀች፤ ሴትየዋም ሳቀች። ከዚያ ሁለቱም ድንገት ዝም አሉ። ያ ዝምታ በማዳመጫው ውስጥ እስካሁን ይሰማኛል።

አንዲት የትምህርት ቤት ልጅም ነበረች። ግርግር ውስጥ እጅ ገብቶባት ስትጮህ ሰዉ «ሽሮሽ!» ብሎ ስለጨፈረባት ዳግም እንዳልሄደች ተናገረች። አሁን ውጤቱን በስልክ ብቻ ነው የምታየው። ለሁሉም እህቴ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ ነበር። «ያን ቀን አጠገብሽ የነበረ ሰው ምን ቢልልሽ ደስ ይልሽ ነበር?» «ምንም ባይል» አለች ልጅቷ። «ጠጋ ብሎ አጠገቤ ቢቀመጥ።»

የስታዲየሙ ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። ቁልፍ ይዘው ሲያዩን ቆይተው እኔም ልናገር አሉ። እህቴ ደስ አላት። «ይቀመጡ አባባ» ብላ ወንበር አቀረበችላቸው።

«እኔም ብዬዋለሁ ልጄ» አሉ። ካሜራውን አልፈሩትም። «ሁሉም ሲል አልኩ። የገዛ ልጄም አንድ ቀን ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ አሏት። ያን ቀን ተውኩ።»

«ማን ጀመረው ይባላል አባባ?»

«እሱን እንጃ። ግን የጀመረው ሰው ጎበዝ ነው። አፍ ላይ ይጣፍጣላ! መጥፎ ነገር እንዲህ ካልጣፈጠ መች ይያዛል?»

ሽማግሌው በሁለት ደቂቃ የተናገሩትን እኔ በስድስት ዓመት አልተናገርኩም። መቅጃውን ይዤ ቀዩን መብራት አያለሁ።

የመጨረሻዋ ወለንጪቲ የምትኖር የቲማቲም ነጋዴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የእሱን ቦታ ላለመልቀቅ ብላ አዳማ ድረስ ለጨዋታ የምትመጣ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት። የገበያ ቀን ስለሆነ ሱቄን ጥዬ አልመጣም ስላለች እኛ ሄድን። ሳጥኖቿ መሐል ተቀመጠች። አጠገቧ የእህል ወፍጮ አለ፤ ካሜራው የሚቀዳው ድምፅ ከወፍጮው ጩኸት በቀር ምንም አይይዝም። ስለዚህ ሁሉም ነገር እኔ ነጠላዋ ላይ የሰካሁት ማይክ ላይ ነው የቀረው።

«እናቴ፣ ቃሉን መጀመሪያ የሰሙት መቼ ነው?» አለች እህቴ።

«እኔማ የተወለደ ቀን ነበርኩ!» አለች ሴትየዋ። «አንዲት ልጅ ብድግ ብላ ኦፍሳይድ ነው አለች። ያ ሁሉ ወንድ ሌባ ሲል እሷ ብቻ።»

እህቴ ከካሜራው ኋላ ብቅ አለች። «እኔ ነኝ እናቴ።»

«ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ? ልክ ነበርሽ እኮ! ኦፍሳይድ ነበር!»

«ሁለት እርምጃ!»

«ኧረ ሦስት!»

ተሳሳቁ፤ ሴትየዋ ተነስታ ሳመቻት። ማይኩ ደረቷ ላይ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና እንዲህ አለች። «እንግዲያው አንቺ ከሆንሽ ማን እንደጀመረው ልንገርሽ። ከኋላው ነበርኩ።»

አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ተጫንኩት። ቀዩ መብራት ጠፋ።

ይህን ለማንም ላስረዳ ብሞክር አይሆንልኝም። መቅጃውን ሳጠፋ የሴትየዋም አፍ የሚዘጋ መስሎኝ ነበር። አልተዘጋም። እህቴ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆማ ሁሉንም በጆሮዋ ሰማችው።

«ቀጭን ልጅ ነው» አለች ሴትየዋ። «ፊቱን አላየሁም፤ ጀርባውን ነው። ጮኸና ራሱን ደፋ። የሚሳደብ ሰው እኮ ቀና ይላል፣ ሳቁን ሊሰበስብ። ይሄ ጎነበሰ። ያኔ፣ ይቺ ልጅ የእሱ ሰው ናት አልኩ በልቤ።»

እህቴ የመጨረሻውን ጥያቄዋን አልጠየቀቻትም። አመሰገነቻት። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የመስኮቱን ወገን ያዘች፤ አዳማ እስክንገባ ውጭውን ታይ ነበር።

በማግስቱ ጓደኛዋ ጋ ሆነው ሲያዩት ድምፁ ግማሽ መንገድ ላይ ተቆርጧል። ጠራችኝ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ባትሪው ይሆናል።»

ባትሪውን አወጣችው። አየችው። ሙሉ እንደነበር እሷም ታውቃለች፤ ወለንጪቲ በሄድንበት ቀን ጠዋት የሞላችው እሷ ናት። ከዚያ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አይደለም። «እንግዲህ እንደገና መሄድ አለብን» አለች።

«እሺ» አልኩ።

ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። እሷ ግን እየጠበቀችኝ የነበረ ይመስለኛል። ሰው ጠይቀውት የሚናገረውና ራሱ የሚናገረው አንድ አይደለም፤ በካሜራ ሥራ ይሄን በደንብ ታውቅ ነበር። ዝም ካልሽ ሰው ይናገራል ትል ነበር ለጓደኛዋ። እኔ ላይ አልሠራም።

በዚያ ሳምንት እግሯ ማበጥ ጀመረ። ሠርግ ላይ ቆማ ስለዋለች ነው አልን። ከዚያ ፊቷ አበጠ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ኩላሊቷ ነው አሉን፤ ብዙ ቆይቷል አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ስለ እሱ መጻፍ አልችልም፤ ይቅርታ።

አንድ ነገር ብቻ። እኔ ተራዬ ሆኖ አጠገቧ በተቀመጥኩበት አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ሳትከፍት ጠራችኝ። ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምትለኝ፣ አድጌም።

«ማሙሽ፣ ወለንጪቲ ሂድና ድምፁን አምጣልኝ።»

«ሲሻልሽ አብረን እንሄዳለን።»

«ብቻህን ሂድ።»

«ነገ እሄዳለሁ» አልኳት።

አልሄድኩም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም። ሴትየዋን ፈራኋት። በአራተኛው ቀን እህቴ ሰው መለየት አቆመች። ቅዳሜ ቀበርናት። ለቅሶ ላይ ትራንዚተሯ መጣች፤ ትልቁን ጃኬት ለብሳ ነበር። ሽማግሌው ዘበኛ መጡ። አባታችን ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ ለመጣ ሰው ሁሉ «ኦፍሳይድን ከዳኛ እኩል ታውቅ ነበር» ይላል፤ ሌላ ወሬ አጥቶ።

ፊልሙ አሁን አልቋል። ጓደኛዋ ናት የጨረሰችው። ያዩት ሰዎች የቲማቲም ነጋዴዋ ቦታ ሲደርሱ ግራ ይገባቸዋል። ሴትየዋ ትናገራለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፤ የሚሰማው ድምፅ ግን የእሷ አይደለም። ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ይጠይቁኛል። የሆነው እንዲህ ነው።

ድንኳኑ ከተነሳ ከሁለት ወር በኋላ ጓደኛዋ ደወለችልኝ። «ሁሉም ደርሷል፤ የጎደለው የወለንጪቲው ድምፅ ብቻ ነው። ካላመጣኸው ያን ክፍል አወጣዋለሁ» አለች። መቅጃውን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ሴትየዋ ከሳጥኖቿ መሐል አየችኝና ፊቷ በራ።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ! እንደምን ነህ ልጄ! ልጅቷስ? ካሜራዋስ?»

አልሰማችም ነበር ለካ። ነገርኳት። እጇ ላይ የነበረውን ቲማቲም መልሳ አስቀመጠችው፤ ቀስ ብላ፣ እንደሚሰበር ነገር። ሳጥን ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔም ተቀመጥኩ። ሰው ይመጣል፣ ሁኔታችንን አይቶ ይሄዳል።

«ለምን መጣህ ታዲያ?» አለችኝ ዓይኗን ጠርጋ።

«ያን ቀን የተናገሩት ድምፅ ጠፍቷል። እንደገና ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

«ለእሷ ከሆነ እናገራለሁ።»

ማይኩን ነጠላዋ ላይ ሰካሁ። ማዳመጫውን አደረግኩ። ቀዩ መብራት በራ። መናገር ጀመረች፤ ልጅቷ እንዴት እንደቆመች፣ እንዴት በእጇ እንዳሳየች። ቃል በቃል ያንኑ ነው የምትለው። «ቀጭን ልጅ ነው» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልክ?» ወፍጮው ነው፤ አልሰማችኝም።

«ልጁ እኔ ነኝ።»

እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዘነበለች። «ጮክ በል፣ ይሄ ወፍጮ አላሰማ አለኝ።»

ጮህኩ። «የጮህኩት እኔ ነኝ! ሽሮሽ ገነፈለ ያልኳት እኔ ነኝ! ወንድሟ ነኝ!»

ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤቷ ዞረች። ወፍጮው በር ላይ ወረፋ የያዙት ሴቶች ዞሩ። እኔ ጎንበስ አላልኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ሰውነቴ ደርቆ ነው።

ሴትየዋ አልጮኸችም። ቲማቲም አልወረወረችብኝም። ቢወረወርብኝ ይሻለኝ ነበር። «እሷ ታውቅ ነበር?» አለች።

«አላውቅም።»

«አልነገርካትም?»

«አልነገርኳትም።»

«ታማ እንኳ?»

«ታማም።»

ጭንቅላቷን ወዘወዘች። ማይኩን ከነጠላዋ ላይ እንደ እሾህ ነቅላ አወጣችው። «እኔ ያየሁትን ለባለጉዳይዋ አንዴ ነግሬያታለሁ፤ ሰምታኛለች። ለሁለተኛ አልናገረውም። ያንተን ወሬ ምን ቆርጦኝ እኔ እሸከመዋለሁ?» ጎንበስ ብላ የሸሚዜ ኮሌታ ላይ ሰካችው፤ ጠማማ አድርጋ። «በል፣ ተናገር። ከመጀመሪያው።»

ተናገርኩ። ከበቆሎው ጀመርኩ፤ ለምን ከዚያ እንደጀመርኩ አላውቅም። ወንድምሽ ካለ ሂጂ እንደተባለች ተናገርኩ። የሰፈር ልጅ ናት ማለቴን ስናገር ድምፄ ተቆረጠ፤ ቆሜ እንደገና ጀመርኩት። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ስለነበር የራሴን ድምፅ እየሰማሁ ነው የምናገረው። እህቴ ልትሰማው ይገባ የነበረውን ድምፅ ነው የምሰማው። ሴትየዋ እጇን አጣምራ ታዳምጣለች፤ አልረዳችኝም፣ አላቋረጠችኝም።

ባትሪው ጋ፣ እህቴ አውጥታ ያየችው ጋ ስደርስ ዘንቢል የያዘች ሴት መጥታ ቆመች። ቲማቲሙን አገላበጠች። «ኪሎው ስንት ነው?» አለች።

«ቆዪ፣ እህቴ» አለቻት ነጋዴዋ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ። «ልጁ ገና አልጨረሰም።»